ድምፅ የሌለበት ጥሪ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «እትዬ ሀሎ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡላት የጎረቤት ልጆች ናቸው። በሯ ሲንኳኳ እንደ ሰው «ማነው?» ወይም «አቤት» አትልም፤ «ሀሎ» ትላለች። ዳቦ ቤት ተራዋ ደርሶ ሻጩ ቀና ሲልላትም «ሀሎ» ነው የምትለው። አንድ ቀን እንዲያውም ሐኪሙ ደረቷን እያዳመጠ «እስቲ ይተንፍሱ» ቢላት «ሀሎ» አለችው ተብሎ ተወርቷል፤ ይኼኛው እንኳ ፈጠራ ሳይሆን አይቀርም። ሲስቁባት አትቆጣም፣ አብራቸውም አትስቅም። ሰምታ ታልፋለች።

ዕድሜዋን የጨረሰችው ስልክ ቤት ነው። ትምህርቷን እንዳጠናቀቀች ማዞሪያው አዳራሽ ውስጥ ተቀጠረች። አዳራሹ ፎቅ ላይ ያለ ረጅም ክፍል ነበር፤ ልጃገረዶቹ ከፍ ባሉ ወንበሮች ላይ በአንድ ረድፍ ተቀምጠው፣ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ይውላሉ። ሰሌዳው ብዙ ቀዳዳና ብዙ ትንንሽ መብራት አለው። መብራት ሲበራ ገመዱን ስቦ ቀዳዳው ውስጥ መሰካት ነው። ያን ጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄድ ጥሪ ሁሉ በሰው እጅ ያልፍ ነበር። ደዋዩ የሚፈልገውን ከተማና የሚፈልገውን ሰው ይናገራል፤ ልጅቷ የዚያን ከተማ ማዞሪያ ትጠራለች፤ የወዲያኛዋ ደግሞ ሰውየውን ትፈልጋለች። ሲገናኙ «ይነጋገሩ» ትላቸውና ለሌላው መብራት ትዞራለች።

መሥሪያ ቤቱ ጥሪን በሦስት ይከፍለው ነበር፤ የከተማ፣ የሩቅና የውጭ አገር። ልጃገረዶቹ ግን የራሳቸው አከፋፈል ነበራቸው። የነጋዴ ጥሪ ጩኸት ነው፤ ነጋዴ ከተማው በራቀ ቁጥር ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ስልኩን ትቶ በመስኮት ቢጣራ የሚሰማ ይመስል። የባለሥልጣን ጥሪ ደግሞ ጥበቃ ነው፤ ራሱ አስደውሎ ራሱ ያስጠብቃል። ፍቅረኞች አንዱን ነገር ሦስቴ ይሉታል፣ በአራተኛው ይጣላሉ። የመርዶ ጥሪ የሚታወቀው ገና ሳይገናኝ ነው፤ ደዋዩ ቁጥሩን ሲናገር ከልክ በላይ ትሁት ይሆናል። «እባክሽን እህቴ፣ ካላስቸገርኩሽ» ያለ ሰው ሲመጣ ልጃገረዶቹ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር።

ማዳመጥ ክልክል ነው። ነገር ግን መስመሩ መያዙን ለማወቅ ትንሽ መስማት ግድ ነው፤ ከዚያች ትንሽ ውስጥ ደግሞ የማይሰማ የለም። በተቀጠረች በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ አባት ለልጁ የሚስቱን ሞት ሲነግረው ሰማች። ልጅየው «የቷ? የኔዋ?» አለ። እሷ እንባዋ መጣ፤ ዓይኗን ስትጠርግ ክንዷ ገመዱን ጎተተውና የአባትና የልጁ ንግግር መሃል ላይ ተቆረጠ። መልሳ ስታገናኛቸው ልጅየው ከዚያኛው ስልክ ቤት ወጥቶ ሄዷል።

የፈረቃው አለቃ ክንዷ ወፍራም፣ ንግግሯ ቀጭን የሆነች ሴትዮ ነበረች። ጓሮ ወስዳ አናገረቻት።

«ያንቺ እንባ የሰውየውን ወሬ ቆረጠበት። ገባሽ?»

«ገባኝ እትዬ።»

«ጆሮሽ ቧንቧ ነው። ውኃው የሰው ነው። ቧንቧ አልቅሶ አያውቅም።»

ይኼ ነገር ገባት፤ ምናልባትም ከተፈለገው በላይ ገባት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጆሮዋ የሚገባው በሌላው ይወጣ ጀመር። ዓመታት ሲያልፉ መርዶ እያገናኘች ዳቦዋን የምትገምጥ ሆነች። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ የምሳ ሰዓቷ ስለሆነ ነው። ከጎኗ የምትቀመጠው ባልደረባዋ፣ ሁሉም «ሳቂታዋ» የሚሏት፣ ወንድ እትዬ ሀሎን ለትዳር በጠየቀ ቁጥር መልሷ እየቆየ፣ እየቆየ ነገሩ ሲበርድ አይታ «አንቺ እኮ ሰው ሲያናግርሽ ገመዱን ነቅለሽ ነው የምትሰሚው» ትላት ነበር። ማግባቱም እንዲሁ ሳይሆን ቀረ።

እናቷ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሩቅ ከተማ ትኖር ነበር። ወንድሟ አናጢ ነው። አባታቸው ገና ልጅ ሳለች ስለሞተ በመጋዝና በመዶሻ ያስተማራት እሱ ነው፤ ስለዚህ ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው። ወር በገባ ቁጥር እናታቸውን ደግፎ ወደ ከተማቸው ስልክ ቤት ይወስዳትና ያስደውላል። የወዲያኛዋ ልጅ፣ በመልክ ሳይተዋወቁ በድምፅ ግን እህትማማች የሆኑት፣ «የቤትሽ ሰዎች መጥተዋል፣ ጆሮሽን አዘጋጂ» ትላታለች። እናትየው እንደ ነጋዴዎቹ ናት፤ ትጮሃለች።

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ እማዬ።»

«ምን በላሽ?»

«ዳቦ።»

«ዳቦ ምግብ ነው እንዴ? እንካ ያዝ፣ ጆሮዬን በላኝ» ትልና እጀታውን እንደ ትኩስ ድስት ለወንድሟ ታቀብለዋለች። ንግግራቸው በሙሉ ይኼው ነበር። ለሁለቱም ይበቃቸው ነበር።

አንድ ወር ጥሪው ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ወደ አዳራሹ ወጥቶ ታች ሰው እንደሚፈልጋት ነገራት። ወረደች። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል፤ ጫማው ላይ የመንገድ አቧራ አለ።

«እማዬስ?» አለችው።

«አረፈች።»

«መቼ?»

«ያለፈው ሳምንት። ቀበርናት።»

ዘበኛው ወደ ሌላ ዞሮ ቁልፎቹን መነካካት ጀመረ።

«ስልክ የለም?» አለች።

«በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም፣ እታለም።»

«የወዲያኛዋ ታውቃለች?»

አናጢው ኮፍያውን አዞረው። «ታውቃለች። አትንገሪያት ያልኳት እኔ ነኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ ከወዲያኛዋ ጋር ሲገናኙ ነው የከረሙት። መስመር ስትጠይቃት ስትሰጣት፣ «ይነጋገሩ» ሲባባሉ። ቅዳሜ ዕለትማ ስለ አዲስ ጫማ አውርተው ነበር።

«ሰዓቴ አላለቀም» አለችና ደረጃውን ወጣች። ሰሌዳው ላይ የእነሱ ከተማ መብራት በርቷል። ሰካችው። አንድ የቆዳ ነጋዴ ነበር፤ እየጮኸ ነው። አገናኘችው። ፈረቃዋ ሲያልቅ በኋለኛው በር ወጣች። ወንድሟ ዘበኛው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት እንደዋለና ዘበኛው «ወጥታለች» ሲለው በመጨረሻው አውቶብስ እንደሄደ የነገራት ሳቂታዋ ናት።

«ምን ነክቶሽ ነው? ወንድምሽ አይደለም?»

«ነው» አለች።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የለውም።»

አላለቀሰችም። ሁሉም ቆይቶ ይመጣባታል ብለው ጠበቁ፤ አለቃዋ ሳትቀር እረፍት ሰጠቻት። እረፍቱን ቤቷን ጠርጋ፣ መጋረጃ አጥባ፣ መስኮት ወልውላ ጨረሰችው። ወር ሲገባ የዚያ ከተማ መብራት በራና የወዲያኛዋ «ወንድምሽ መጥቷል፣ ሊያናግርሽ ይፈልጋል» አለቻት።

«ተይዟል» አለች።

«ምኑ ነው የተያዘው? አንቺ እኮ ነሽ።»

«ተይዟል፣ ቆይተው ይሞክሩ።»

በሚቀጥለው ወርም ተይዟል፤ ከዚያ በኋላም። ጠልታው አይደለም፤ መጥላት ጉልበት ይፈልጋል። ልቧ ውስጥ እሱ ወደነበረበት ቦታ እጇን ስትሰድድ የምትጨብጠው ነገር ስላጣች ነው። እሱም ቆይቶ መደወሉን ተወ። ሰላምታ በመንገደኛ ይልክላታል፤ እሷም «ሰላም በሉልኝ» ትላለች። በዚህ ሁኔታ ዓመታት አለፉ።

ሥራውም ይለወጥ ጀመር። መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ሰው ራሱ ቁጥር አዙሮ የሚደውልበት መሣሪያ ገባ፤ የረድፉ ግማሽ ባዶ ሆነ። ቀጥሎ የሩቁም እንደዚያው ሆነ። ሕዝቡ ደስ አለው፤ ነጋዴው ሳያስጠብቁት ይጮሃል፣ ፍቅረኛው ጆሮ ጠቢ ሳይፈራ ይጣላል። ሰሌዳውን በክፍል በክፍል ፈትተው በጋሪ ሲያወጡት ልጃገረዶቹ፣ ያን ጊዜ እንኳ ልጃገረድ መባላቸው የልማድ ነው፣ ግድግዳው ላይ የቀረውን ነጭ ቦታ አይተው ተላቀሱ። እትዬ ሀሎ ማዳመጫዋን ጠቅልላ ለዕቃ ግምጃ ቤት አስረከበች።

ወደ ቁጥር መጠየቂያው አዛወሯት። እዚያ ደግሞ ሰው ሁሉ የሰው ቁጥር ይጠይቃል፤ የፋርማሲ፣ የጋራዥ፣ የአክስት። አንዳንዱ ቁጥሩን ቤቱ ጽፎት እያለ ይጠይቃል። ያም ዘመን ሞባይል ሲመጣ አለፈ። መጀመሪያ ሞባይል የያዘ ሰው ቤቱ ሆኖ አያወራበትም ነበር፤ መንገድ ዳር ወጥቶ፣ ሰው በሚያልፍበት ቆሞ ነው የሚያወራው። ቆይቶ ሁሉም ያዘ፤ የሚፈልገውን ሰው ቁጥርም ስልኩ ራሱ አወቀለት። ቁጥር መጠየቂያው ክፍል ውስጥ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት መምታት ብቻ ሆነ።

ጡረታዋ ሲቃረብ «የጥሪ ትራፊክ» ወደሚባለው ክፍል ወሰዷት። ሰፈር ሲሰማ «ታዲያ ፊሽካዎ የታለ?» ብለው ሳቁባት። ሥራው ጥሪ መቁጠር ነው፤ ስንቱ ከቤት ወደ ቤት ተደወለ፣ ስንቱ ከቤት ወደ ሞባይል፣ ስንቱ ከሞባይል ወደ ሞባይል፣ ስንቱ ወደ ውጭ። ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ያመጣዋል፤ እሷ በየዓይነቱ ታስቀምጠዋለች። የክፍሉ ኃላፊ ጨዋ ወጣት ነበር፤ የጥሪውን መውጣትና መውረድ በቀለም መስመር የሚያሳየውን ሥዕል ሲያሳያት ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል።

«ይኼው ይዩት እትዬ፤ ሰው ከቤት ወደ ቤት መደወል ትቷል። ቁልቁል ነው።»

«አዎ።»

«ከቤት ወደ ሞባይል ትንሽ ወጣ፣ ተመልሶ ወደቀ። ከሞባይል ወደ ሞባይል ግን ጣሪያ ነካ። የሚገርመው ጥሪው እየበዛ ንግግሩ እያጠረ መምጣቱ ነው።»

«የውጩስ? ሞተ?»

«አልሞተም፤ በኢንተርኔት ሆነ። እኛ ጋ አይታይም እንጂ ያወራሉ።» አገጩን በእርሳሱ ነካ ነካ አደረገ። «ለምን ይመስልዎታል ሰው ብዙ ደውሎ ትንሽ የሚያወራው?»

«እኔ እንጃ» አለች። እውነቷን ነው። ስለዚያ አስባ አታውቅም።

ከሁሉ የሚበዛው ተደውሎ ሳይነሳ የቀረው ነበር፤ አንድ ጊዜ ጮኾ የሚቆም፣ «ደረስኩ» ወይም «ደውልልኝ» ለማለት የሚደረግ። ቀጥሎ ደግሞ ተነስቶ ማንም ያልተናገረበት አለ። «እነዚህን ያውጧቸው፣ ጥሪ አይደሉም» ይላታል ኃላፊው። ታወጣቸዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤቷ ስልክ መጮህ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ያ ስልክ እምብዛም የማይጮህ ሆኗል፤ የሚደውልላት ካለ በሞባይል ነው። አነሳችው።

«ሀሎ።»

መልስ የለም። መስመሩ ክፍት ነው፤ ያን ታውቃለች፤ የተዘጋ መስመርና ዝም ያለ ሰው አይመሳሰሉም። ትንፋሽ ይሰማል፤ ግን እንደ ሌላ ሰው ትንፋሽ ከአፍ አጠገብ አይደለም፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚመጣው፣ እያፏጨ።

«ሀሎ? ማን ልበል?»

አንድ ነገር ኳ አለ። እጀታውን የሆነ ነገር መታው። የሚያሾፍ ጎረምሳ ይሆናል ብላ ዘጋችው። በሳምንቱም እንዲሁ ሆነ፤ ዘጋችው። በሦስተኛው ቅዳሜ ሳቂታዋ ልትጠይቃት መጥታ ሻይ እየጠጡ ሳለ ጮኸ።

«አታነሺውም?»

«ባዶ ነው።»

«ምን ማለት ነው ባዶ?»

«ሰው አለው፤ ንግግር የለውም።»

«ታዲያ ፍቅረኛ ነዋ!» ብላ ሳቂታዋ እስክታለቅስ ሳቀች። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ተወ።

በማግስቱ ደግሞ የደወለው ሰው ተናገረ። የሴት ድምፅ ነው፤ ደከም ያለ።

«እኔ ነኝ፣ የወንድምሽ ሚስት። እባክሽ አትዝጊበት።»

«ማን ላይ?»

«እሱ ላይ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚደውለው እሱ እኮ ነው። ጉሮሮውን ታሞ ከረመ። ቀዶ ሕክምና አደረጉለትና የድምፅ ሳጥኑን አወጡት። አሁን አንገቱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ነው የሚተነፍሰው፤ መናገር አይችልም።»

እትዬ ሀሎ የስልኩን ገመድ በጣቷ ጠቀለለች። «ታዲያ ለምን ይደውላል?»

«እኔስ አውቃለሁ? ድምፅ ሳለው መደወሉን የተወ ሰው ድምፅ ሲያጣ ደዋይ ሆነ። ልጻፍላት ብለው እምቢ አለኝ። ብቻ አትዝጊበት።»

«እሺ» አለች።

እጀታውን አስቀምጣ ወደ ልብሷ ተመለሰች፤ ካውያው ግሎ ነበር። ሸሚዞቿን ተኮሰች። የሆነ ነገር መሰማት እንዳለበት ታውቅ ነበር፤ ደረቷን እንደ ሰው ቤት በር አንኳኩታ ጠበቀች፣ የሚከፍት አልመጣም። የመጨረሻውን ሸሚዝ አንጠልጥላ የካውያውን ሶኬት ነቀለች።

ቅዳሜ ስልኩ ሲጮህ ሾርባ ጥዳለች። አነሳችው።

«ሀሎ።»

ያ የሚያፏጨው ትንፋሽ።

«ወንድም ጋሼ ነህ?»

ኳ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል አታውቅም። አዳራሹ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ሰውን ከሰው አነጋገረች እንጂ ራሷ የምትለው ነገር አዘጋጅታ አታውቅም። ሾርባው ሲገነፍል ሰማችና አፏ ላይ የመጣላትን አለች፤ «መስመር ላይ ይጠብቁ።» ሄዳ ምድጃውን አጠፋች፣ የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረገች፣ ጨርቁን አጠበች። ስትመለስ እጀታውን አንስታ አዳመጠች። አለ።

«ሾርባ ገንፍሎብኝ ነው» አለችው።

ኳ።

«አንድ ጊዜ ከመታህ አዎ፣ ሁለት ጊዜ ከመታህ አይደለም ይሁን።»

ኳ።

«ያምሃል?»

ኳ፣ ኳ።

«አትዋሽ።»

ኳ አለ፤ ከዚያ ትንፋሹ ተቆራረጠ። የሚያስል መስሏት ነበር፤ እየሳቀ መሆኑን ያወቀችው ቆይታ ነው።

እንዲህ ሆኖ ተለመደ። ቅዳሜ ይደውላል፤ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይመታል። የምታወራው ነገር ትልቅ አይደለም። የጎረቤት ውሻ መውለዷን፣ ቧንቧው ማንጠባጠቡን፣ ዳቦው ማነሱን ትነግረዋለች። ንግግር አስባ አታውቅም ነበርና አንዳንዴ የምትለው ሲያልቅባት ክፍሉን እያየች ያለውን ትቆጥርለታለች፤ «ወንበር አለ። መጋረጃው ተሰብስቧል። ጫማዬ በሩ ስር ነው።» እሱ ለሁሉም ኳ ይላል። ሳቂታዋ አንድ ቀን መጥታ ይኼን ስታደርግ ሰምታት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «አንቺ ሴትዮ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ታወሪ ኖሯል!» አለቻት። እትዬ ሀሎ ሻይ ልትጥድ ተነሳች።

ጡረታ በወጣችበት ወር የወንድሟ ሚስት ደውላ «ነይ እንጂ፣ ሥራም የለሽ» አለቻት። አውቶብስ ይዛ ሄደች። ስትሄድ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ምን አየሽ ብትባል ግን የምትለው አልነበራትም።

ወንድሟ አርጅቷል። አንገቱ ላይ ስስ ጨርቅ አስሯል፤ ሲተነፍስ ጨርቁ ይነሳል ይወድቃል። በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት ኮፍያውን አወለቀ። ተቃቀፉ፤ ትከሻው የአጥንት ነው፤ የእንጨት ብናኝ ይሸታል። ወደ አናጢነት ሥራ ክፍሉ አስገባትና የራሱን በርጩማ ሰጣት። ሥራ አልተወም፤ የሚናገረውም በሥራው ነው። የተላገ ጣውላ ጠረጴዛው ላይ ጋድም አድርጎ በአናጢ እርሳስ ይጽፍበታል፤ ያነበበው ሰው ራሱን ሲነቀንቅ በመላጊያ ፍቆ ያጠፋዋል፣ እንደገናም ይጽፋል። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ «እዩት እስቲ፣ አፉ ሳለ ዝምተኛ ነበር፤ አሁን ወሬው ነው ቤቱን በፍቅፋቂ የሞላው። ጠረግሁ ጠረግሁ ወገቤ ተቆረጠ» አለች። እሱ እርሳሱን አንስቶ «አትስሚያት» ብሎ ጻፈ።

ሚስትየው ምሳ ልታቀርብ ስትሄድ ሁለቱ ቀሩ። አናጢው ጣውላውን ንጹሕ አድርጎ ላገው፤ ከሚያስፈልገው በላይ ላገው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ ጻፈ። ሲጨርስ ወደ እሷ አዞረው።

«የሰው ሁሉ ሞት በጆሮሽ ያልፍ ነበር። የእናታችንን ከዚያ መሃል መክተት አልፈለግሁም። በእግሬ መጥቼ ልንገራት አልኩ።»

አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ተሳስተሃል» አለችው። «ቀብሯ ላይ መገኘት ነበረብኝ።»

እርሳሱን አነሳ። «ነበረብሽ።»

«እኔም ያን ቀን በኋለኛው በር ወጥቼ ትቼህ ሄድኩ።»

«አውቃለሁ። ዘበኛው ውሸት አይችልም።»

ራሷን ነቀነቀች። እሱ መላጊያውን አንስቶ ገፋው፤ ጽሑፉ ተጠቅልሎ እየወጣ እግራቸው ስር ወደቀ። ይቅርታ የሚል ቃል ማንኛቸውም አልተናገሩም፣ አልጻፉምም። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ነቃ ያለ መስሏት ነበር፤ እንደ ደነዘዘ እግር ውርር ብሎ ተወ። ሚስትየው «ይበርዳል!» ብላ ስትጣራ ተነስተው ገቡና በሉ።

ከተመለሰች በኋላ ሰፈሯ ውስጥ የድሮውን የስልክ ሽቦ ሊነቅሉት መጡ። ሠራተኞቹ መሰላል አቁመው ከምሰሶ ምሰሶ እየጠቀለሉት ሄዱ። አንደኛው በሯን አንኳኩቶ «የቤት ስልክዎ ከእንግዲህ አይሠራም፤ ከፈለጉ በአዲሱ ይቀየርልዎታል፤ አሁን ግን ብዙ ሰው በሞባይል ብቻ ነው የሚጠቀመው» አላት። «ይሁን» አለችው። ስልኩን ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ የነበረበት ቦታ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አኖረች።

ወንድሟ አሁን የሚደውለው በሞባይል ነው፤ ያውም በምስል። ለሱ ተመችቶታል፤ ጣውላውን አንስቶ ያሳያታል። እሷ ግን ፊቱን እያየች ማውራት አይሆንላትም፤ ዓይኗ ጨርቁ ላይ፣ ከጨርቁ በታች ባለው ላይ እየሄደ ይቀራል። ስለዚህ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ትደፋውና በጆሮዋ ብቻ ትሰማዋለች። እሱ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነው፤ አልተቆጣም። ሥራውን ይቀጥላል። መጋዙ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ ሚስማር ሲመታ፣ አንዳንዴ ሚስቱ ስትነጫነጭ ይሰማታል። እሷም ድንች ትልጣለች፣ ቁልፍ ትሰፋለች። ግማሽ ቀን እንደዚያ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ።

ባለፈው ቅዳሜ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የተቀደደ ካልሲ ስትሰፋ ነበር። መጋዙ ድንገት ቆመ። ከስልኩ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እያለ አንድ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ እየበዛ ሄዶ ሌላውን ሁሉ ሸፈነው። አንገቷን አዘንብላ አዳመጠች።

«ዝናብ ነው እንዴ? ቆርቆሮው ላይ?»

ኳ።

«እዚህ ገና ነው» አለች። በመስኮቱ አየች፤ ደመናው ከነሱ በኩል ጠቁሮ እየመጣ ነው። ካልሲውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ የሰቀለችውን ልብስ ልታነሳ ወጣች።